የአይዳ ሸክላ በካዛንቺስ

ካዛንቺስ ውስጥ የካቲት 23 ቀን ጠዋት ከአንድ መስኮት የሚወጣ የጥሩምባ ድምፅ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ከእኛ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ ሠፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው፣ የአድዋ በዓል በመጣ ቁጥር ከቁርስ በፊት መስኮታቸውን ወለል አድርገው ይከፍቱና አንድ ትልቅ ሸክላ ያስቀምጣሉ። መርፌውን ከጠርዙ አይደለም የሚያሳርፉት፤ ከመሀል ነው፤ ቦታውን በዓይናቸው ያውቁታል። ከዚያ ጥሩምባዎቹ ይነሣሉ። በአንድ ወገን ይነፋል፣ በሌላ ወገን ከፍ ብሎ ይመለሳል፣ ከኋላ ከበሮው ይከተላል። ጋሼ ቆመው ነው የሚሰሙት። እኛም ልጆቹ አጥሩ ሥር ተሰልፈን ግራ ቀኝ እያልን እንረግጥ ነበር። «የድል ማርሽ ነው» ይሉናል። የማን ድል እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ቀኑ የካቲት 23 ነው፣ ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል!

ሸክላውን ያገኙት በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ብዙ የውጭ አገር ሰው ዕቃውን እየሸጠ ከአዲስ አበባ ሲወጣ፣ ጋሼ ከአንድ ቤት የሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ በርካሽ ገዙ። መርፌው ሲያረጅ ቂርቆስ የሚሠራ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሌላ እየፈለገላቸው እስከ ዘመናችን ደረሰ። ሽፋኑ ተቀዷል፤ መሀሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ግን ይነበባል። በአንዱ ፊት ከቬርዲ «አይዳ»፣ በሌላው ፊት ከጉኖ «የሳባ ንግሥት» የተወሰደ ነው። ሁለቱም ዘፋኝ የላቸውም፤ ኦርኬስትራ ብቻ ነው የሚጫወተው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የ«አይዳ»ን ታሪክ ሳነብ ክው አልኩ። ጋሼ በአድዋ ቀን ቆመው የሚሰሙት ማርሽ፣ የግብፅ ሠራዊት ኢትዮጵያን ድል አድርጎ፣ ምርኮኛ እየነዳ ወደ ቴብስ ከተማ ሲገባ የሚነፋው ነው። ከምርኮኞቹም መካከል ማንነቱን የደበቀ የኢትዮጵያ ንጉሥ አለ።

ምን ይደረግ? ዝም አልኩ። ሁለት የካቲት እንዲሁ አለፈ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ጋሼም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ሊለቁ ሆነና፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ስለሆኑ ዕቃ ለማውጣት ተጠራርተን ሄድን። ያን ካርቶን ሳነሣ ነገሩ ከአፌ አመለጠኝ። ጋሼ አልተቆጡም። አልጋው በተነሣበት ባዶ ቦታ ላይ ቆመው ጥቂት አሰቡና «እና በመጨረሻ ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

«በኦፔራው ነው ወይስ በእውነቱ?»

«በእውነቱ ነዋ! የቲያትሩንማ ነገርከኝ።»

የጭነት መኪናው እየጠበቀ ስለነበር በደንብ አልመለስኩላቸውም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተጻፈ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከካይሮ ነው። የግብፁ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል አገሩን በአንድ ትውልድ አውሮፓ ላድርግ ብሎ የተነሣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ፣ በዚያው ወር የካይሮን ኦፔራ ቤት አስከፈተ፤ ለመክፈቻውም የቬርዲ «ሪጎሌቶ» ታየ። «አይዳ» ለቦዩ ምረቃ የተደረሰ ነው እያሉ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ስሕተት ነው። ቬርዲ ለምረቃው የሚሆን መዝሙር እንዲጽፍ ተጠይቆ እምቢ ብሏል። «አይዳ» የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ታሪኩን የፈጠረው ሰው ሙዚቀኛም ባለቅኔም አይደለም። ኦጉስት ማርዬት የሚባል፣ በግብፅ ጥንታዊ መቃብርና መቅደስ ሲቆፍር የኖረ ፈረንሳዊ የጥንት ታሪክ ሊቅ ነው። እሱ በአጭሩ ጽፎ በጥቂት ቅጂ አሳተመው፤ ካሚል ዱ ሎክል የተባለ ፓሪስ ያለ ወዳጁ ለቬርዲ አደረሰው፤ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ በጣሊያንኛ ግጥም አደረገው። ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። ልብሱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ ይሠራ ስለነበር፣ ፕሩስያኖች በ1870 እና በ1871 ከተማዋን ሲከቡ እዚያው ታግቶ ቀረና ትርኢቱ ዘገየ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 15 ቀን 1864 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1871) ካይሮ ላይ ታየ። ቬርዲ ራሱ አልሄደም።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላውጋ። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት፤ ተማርካ የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ ገረድ ሆናለች። ራዳሜስ የሚባለው የግብፅ የጦር አለቃ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ጦርነት ይነሣል፤ ራዳሜስ ያሸንፋል፤ ያ ማርሽ ይነፋል። ከዚያ ሌሊት በዓባይ ዳር አሞናስሮ ልጁን አስጨንቆ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጇ አፍ እንድታወጣ ያደርጋታል። ምሥጢሩ ይወጣል፤ ራዳሜስ ከሕይወቱ ጋር መቃብር ውስጥ ይዘጋበታል። አይዳ ቀድማ ገብታ በጨለማው ስትጠብቀው ይገኛል። ያን ሁሉ ጥሩምባ ያስነፋ ድርሰት በሹክሹክታ ያልቃል።

በእርግጥ የማርዬት «ኢትዮጵያ» የጥንቱ ኩሽ ነው፤ የጦሩ መንገድ የሚያልፈውም በናፓታ ነው። ታሪኩም ቢሆን የቤተሰብ መልክ አለው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዓመት ሄሊዮዶሮስ የሚባል ጸሐፊ በግሪክኛ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ ስሙም ስለ ኢትዮጵያ ነው። እዚያም ከአገሯ ርቃ ያደገች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አለች፤ እዚያም ፍቅርና ምርኮ አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ በሄሊዮዶሮስ መጽሐፍ የኢትዮጵያው ንጉሥ በአስዋን በኩል ግብፅን ከሚገዙት ፋርሶች ጋር ተዋግቶ ያሸንፋል፤ ልጅቱም በመጨረሻ አባቷን ታገኛለች። የጥንቱ ጸሐፊ ያሸነፈ ንጉሥ ለመጻፍ አላፈረም። በካይሮ ኦፔራ ቤት ግን፣ ከፍሎ ያስጻፈው የግብፅ ገዢ ነውና፣ ማን እንደሚሸነፍ ገና ከመጀመሪያው ታውቋል።

እዚህ ላይ «ሙዚቃ ሙዚቃ ነው፤ ፖለቲካ ምን አገባው?» የሚሉ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ በካፍቴሪያው ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እኔ የምለው ቀኑን ተመልከቱ ነው። «አይዳ» ካይሮ ላይ በታየ በ28ኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ «ዮሐንስ አራተኛ» ተብለው አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። አንዱ የኢትዮጵያ ንጉሥ በካይሮ መድረክ ላይ ታስሮ ሲነዳ፣ ሌላው፣ እውነተኛው፣ በአክሱም ይቀባ ነበር። ከዲቩ ደግሞ ለሁለቱም ቦታ አስቦበት ነበር። ምጽዋን ከቱርክ ሱልጣን ከተረከበ ቆይቷል። ሙንዚንገር የሚባለውን ስዊዛዊ እዚያ ሾመ፤ ሙንዚንገርም በ1872 እ.ኤ.አ. ከረንን ያዘ። «አይዳ» በተጫወተች በዓመቱ መሆኑ ነው። አፄ ዮሐንስ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጻፉ፤ የሚረባ መልስ አላገኙም።

በ1868 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግብፅ በየአቅጣጫው ወጣች። አንዱ ጦር ሐረርን ያዘ፤ ይህኛው አልተመለሰም፣ አሥር ዓመት ተቀመጠ። ሙንዚንገር በአውሳ በኩል ሲገባ አፋሮች ከነጭፍራው ገደሉት። ዋናው ጦር ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ መረብ ወረደ፤ አለቃው አሬንድሩፕ የሚባል የዴንማርክ ተወላጅ መኮንን ነው። ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ወታደር፣ ዘመናዊ ጠመንጃና መድፍ ይዟል። ኅዳር 7 ቀን ጉንደት ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ገጠመና በአንድ ጠዋት አለቀ። አሬንድሩፕም እዚያው ወደቀ። ጠመንጃውና መድፉ ተማረከ።

ከዲቩ ይህን ውርደት ለመበቀል በጥቂት ወር ውስጥ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ሌላ ጦር አዘጋጀ። አዛዡ ራቲብ ፓሻ ነው፤ የጦር አማካሪው ግን ሎሪንግ የሚባል አንድ እጁ የተቆረጠ አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር። ነገሩ ያስቃልም ያስገርማልም፦ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡብም ከሰሜንም ወገን ሆነው እርስ በርስ የተዋጉ መኮንኖች ለከዲቩ በደመወዝ ተቀጥረው፣ በአንድ ባንዲራ ሥር እኛን ሊወጉ መጡ። የከዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰንም አብሮ መጣ። ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 1 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉራዕ ላይ ተዋጉ። ከምሽጉ ወጥቶ ሜዳ ላይ የገጠመው የግብፅ ጦር ተደመሰሰ። በሚቀጥሉት ቀናት የእኛ ሰዎች ምሽጉን በጉልበት ለመያዝ ሞክረው ብዙ ሰው ከስክሰው አልተሳካላቸውም፤ ይህንንም መሸሸግ አያስፈልግም። ቢሆንም ጦሩ መቆም አልቻለም፤ ወጥቶ ሄደ። ሻለቃ አሉላ፣ በኋላ ራስ አሉላ የሚባሉት፣ ስማቸው የገነነው ከእነዚህ ሁለት ጦርነቶች ጀምሮ ነው።

የጉንደት ድል በሆነ በዘጠነኛው ቀን ኢስማኤል የስዊዝ ቦይን ድርሻውን በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ ሸጠ። ጉንደት አስሸጠው ማለት አይቻልም፤ ዕዳው ቀድሞ ያበጠ ነው። ቦይ፣ ባቡር፣ ቤተ መንግሥት፣ ኦፔራ፣ ሁሉም በብድር ነበር። ሁለት የተደመሰሱ ጦሮች ግን ያንን ዕዳ አላቀለሉትም። ጉራዕ ካለፈ በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በ1879 እ.ኤ.አ. ከዲቩ ከሥልጣን ተሻረ። የተሰደደውም የት ነው? ወደ ናፖሊ፣ ወደ ቬርዲ አገር።

ለጋሼ የምመልሰው የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ካዛንቺስ የምትባል ሠፈር ባልኖረች ነበር። ግብፅ ስትለቅ ምጽዋ ባዶ አልቀረችም፤ የካቲት 1885 እ.ኤ.አ. ላይ ኢጣሊያ ገባችባት። ከምጽዋ ዶግዓሊ፣ ከዶግዓሊ አድዋ፣ ከአድዋ በ40 ዓመቱ አዲስ አበባ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ኢጣሊያ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቤት የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበራት፤ በምሕፃረ ቃል «ኢንቺስ» ይባላል። ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ እንደ ልማዱ አፉ ላይ አገላብጦ «ካዛንቺስ» አላት። ወራሪው ወጣ፤ ስሙ ቀረ፤ ቤቱን ወረስነው፤ እነሆ ደግሞ ቤቱም ፈረሰ። ከጋሼ ቤት ትንሽ ወረድ ሲሉ ያለው የአፍሪካ አዳራሽም ንድፉ የአንድ ጣሊያናዊ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ ባለቀለም መስታወቱ ግን የአፈወርቅ ተክሌ ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የግብፁ ጋማል አብደል ናስር እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግድነት ተቀምጧል። ቬርዲ ይህን ትዕይንት ቢጽፈው ኖሮ ስንት ጥሩምባ ያዝዝ ይሆን?

ጥሩምባ ካነሣን አይቀር፣ እነዚያ ጥሩምባዎች እንደ ሌሎቹ አይደሉም። ቬርዲ የጥንት ግብፅን መልክ ይሰጡኛል ብሎ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶች ለዚህ ትዕይንት ብቻ አሠራ። ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ በአንድ ቅኝት ይነፋሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ከፍ ባለ ሌላ ቅኝት ይመልሳሉ። ልጆች ሆነን አጥሩ ሥር «በሌላ ወገን ይመለሳል» እያልን የምንቦርቅበት ነገር ይህ ነው። ኃይለኛ ሥራ ነው፤ እግር ያስነሣል፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። ቃል የሌለው ሙዚቃ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ዘፋኞቹ ቢኖሩ ኖሮ ጋሼ ቢያንስ «ግብፅ» የሚለውን ቃል ይሰሙ ነበር። ኦርኬስትራው ብቻውን ሲሆን ግን ድል ነው የሚነግርህ፣ የማን እንደሆነ አይነግርህም። ሰሚው የራሱን ያስገባበታል። ጋሼም አድዋን አስገቡበት።

የሸክላው ሁለተኛ ፊት እንደ ፊተኛው ብዙ አያናግርም፤ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጉኖ «የሳባ ንግሥት»ን ፓሪስ ላይ ያሳየው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከመድረክ ወረደ። ማርሹና ሰልፉ ግን እስከ ዛሬ በየሸክላው ይገኛል። ታሪኩን የወሰደው ዤራር ደ ኔርቫል ከሚባል ገጣሚ የምሥራቅ ጉዞ መጽሐፍ ነው፤ ኔርቫልም በኢስታንቡል ቡና ቤት አንድ ተረት ነጋሪ እንደተረከው አድርጎ ይጽፈዋል። በክብረ ነገሥት ያደገ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ማክዳ የለችም፣ በልቂስ ናት። ነጋዴው ታምሪን የለም፤ ጨው የበዛበት ግብር የለም፤ ሌሊት የተጠጣው ውሃም የለም። ንግሥቲቱ የምትወደው ሰሎሞንን እንኳ አይደለም፤ አዶኒራም የሚባለውን የሰሎሞንን ሕንፃ ሠሪ ነው፤ እሱም ይገደላል። ምኒልክ የሚባል ልጅ ጨርሶ አልተወለደም! ከዚያ በኋላ ጎልድማርክ ቪየና ላይ በ1875 ሌላ «የሳባ ንግሥት» አመጣ፤ ሬስፒጊ ሚላን ላይ በ1932 «በልቂስ» የሚባል የባሌ ሙዚቃ አሳየ፤ ጦሩ በ1935 ሊመጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። ሁሉም የእኛን ንግሥት ወደዷት፣ በወርቅና በዝሆን አስጌጧት፤ ወደ አገሯ ስትመለስ ግን የተከተላት የለም።

እንግዲህ ሸክላውን ልወርውረው ማለት ነው? እንዲህ ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። ያዳነው ጋሼ የሚዘሉት ክፍል ነው። ከጠርዙ ጀምሮ፣ ከማርሹ በፊት፣ መግቢያው አለ። ቫዮሊኖች በጣም ቀጭን ሆነው ብቻቸውን ይጀምራሉ፤ ይህ የአይዳ ዜማ ነው። ቀጥሎ ከበታች የካህናቱ ዜማ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይመጣል፤ እነዚያ ሞት የሚፈርዱት ካህናት ናቸው። ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ የካህናቱ ያይላል፤ መጨረሻ ላይ ግን የሚቀረው ያ ቀጭን ድምፅ ነው። ቬርዲ ድርሰቱን በግብፅ ጥሩምባ አልጀመረም፤ በምርኮኛዋ ኢትዮጵያዊት ልጅ ጀመረው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ኦስትሪያ አገሩን ስትገዛ የኖረ ነው፤ የተገዛ ሕዝብ ናፍቆት ምን እንደሆነ ያውቃል። በእርጅናውም የራሱ አገር በአፍሪካ የጨቋኝ ሥራ እንደምትሠራና ጥፋቱም የእሷ እንደሆነ ለአንድ እንግዳው መናገሩ ተጽፏል። የከዲቩን ገንዘብ ተቀብሏል፣ ማርሹንም ጽፏል። ሁለቱም እውነት ነው።

ስለዚሁ ሰው አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። «አይዳ»ን ሲጽፍ የጥንት ግብፅ ዋሽንት በፍሎሬንስ ሙዚየም አለ የሚል በአንድ ምሁር መጽሐፍ አነበበና ሊያየው ሄደ። ያገኘው አራት ቀዳዳ ያለው፣ የአገሩ እረኞች የሚነፉት ዓይነት ሸምበቆ ነው። በምሁሩ ተበሳጨ፤ ነገሩን በንቀት አስታውሶ በደብዳቤ ጽፎታል። አራት ቀዳዳ! የእኛ ዋሽንት ስንት ቀዳዳ አለው? አራት። ቬርዲ የዓባይን ሸለቆ ድምፅ በእጁ ይዞት ነበር፤ የእረኛ ነገር ነው ብሎ መልሶ አስቀመጠውና ረጅም መለከት ሊያሠራ ሄደ።

ኦርኬስትራና መለከት ወደ እኛ አገር እንዴት እንደገባ የታወቀ ስለሆነ አላረዝምም። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ 40 ያህል የነሐስ መሣሪያዎች መጡ። በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፉት የመንግሥት መዝሙር ዜማውን ደረሰ። ሁሉም መልካም ነው፤ ሆኖም ይነፋ የነበረው በአብዛኛው ማርሽ ነበር፤ እረኛው ገና አልተጠራም።

የጠራው አሸናፊ ከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ። ልብ ወለድም ጽፏል፤ ድርሰትና ሙዚቃ በአንድ ራስ ውስጥ የነበሩት ሰው ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪ ሄዶ የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ በራሱ እጅ እየመራ የራሱን ድርሰቶች አስጫወተ። ከእነሱም አንዱ ስሙ ሲተረጎም «እረኛው ዋሽንት ነፊ» ነው። ሃንጋሪዎች የገበሬያቸውን ዜማ ከየመንደሩ ሰብስቦ ለዓለም ያሰማላቸው ኮዳይ በዚያው ዓመት ነው የሞተባቸው፤ አሸናፊንም «ጥቁሩ ኮዳይ» አሉት። አሸናፊ ከዚያ በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዶክትሬቱን ይዞ፣ ሲያስተምርና ሲመራመር ኖሮ፣ እዚያው አገር በ1998 አረፈ። የቡዳፔስቱ ቅጂ ዛሬ በስልክ ይሰማል። ሲሰሙት ጥሩምባው ድል አይነግርም፤ ምርኮኛም አይነዳም። አንድ ዋሽንት የሚመስል ፍሉት ተራራ ላይ የቆመ ያህል ብቻውን ያወጋል፣ የአውሮፓ ኦርኬስትራ ደግሞ ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል። እንደ ሙዚቃ «አይዳ»ን ያህላል አልልም፤ ቬርዲ ቬርዲ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰው በኦርኬስትራ ውስጥ ስለ ራሱ ሲናገር ከሰማሁበት ሁሉ ይህን የሚቀድም አላውቅም።

የካቲት ሲገባ ጋሼን አዲሱ ቤታቸው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሄጄ አገኘኋቸው። ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አነበብኩላቸው። ጉንደት ላይ ስደርስ አስቆሙኝና «መድፉስ?» አሉ።

«ተማርኳል።»

«እንግዲያው ጥሩምባውም አብሮ ይቆጠራ!» ብለው ሳቁ። ጉራዕ ላይ ስደርስ ግን አልሳቁም፤ ምሽጉ ሥር ስለወደቁት ሰዎች ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የአሸናፊን አሰማኋቸው። እስኪያልቅ አልተናገሩም። «ይኼ የት አገር ሸክላ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ቡዳፔስት።»

«ሰውየው ግን የላሙን ስም ሁሉ ያውቃል» አሉ።

የካቲት 23 ቀን ጠዋት ደግሜ ሄድኩ። መስኮቱ ተከፍቷል። ጋሼ መርፌውን ከመሀል ሳይሆን ከጠርዙ አሳረፉት። ቫዮሊኖቹ ጀመሩ፤ ከመንገዱ ጫጫታ የተነሣ በደንብ አይሰሙም ነበር፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ካህናቱም መጡ፤ አለፉ። ማርሹ ተራው ሲደርስ ያነሡታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሡትም። የፊት ለፊቱ ጎረቤት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግራ ቀኝ እያለ መርገጥ ጀመረ።